ከጎሉ ጀርባ ያልቆምኩበት መክፈቻ

ልጁን የጠረጠርኩት ገና ቤቴ በገባበት ቀን፣ ወንበር እንኳ ሳይስብ ነው። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ «እማ፣ የነገርኩሽ ልጅ ይኸውልሽ» ብላ አስገባችው። ረዘም ያለ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሲስቅ ያምራል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ቀጥሎ የተናገረው ነገር «እማማ፣ እኔም እኮ የሰፈራችሁ ቡድን ደጋፊ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚል ነበር። እማማ ያለኝን እንደምንም አለፍኩለት። ደጋፊ ነኝ ያለው ግን አልዋጥ አለኝ።

የኛን ቡድን የሚደግፍ ሰው እኔ ሳላውቀው ሊኖር አይችልማ። ስለ ትልቅ ክለብ አይደለም የማወራው። የጤና ቡድን ነው። ቦርጫቸውን ለማጥፋት እሁድ እሁድ ጠዋት ጃንሜዳ የሚሰበሰቡ፣ ጉርምስና ያለፋቸው የሰፈር ወንዶች ናቸው። ግማሾቹ ቦርጫቸው እንዳለ ጉልበታቸውን ብቻ አጥፍተው ቀርተዋል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በረኛቸው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዛሬም አሰልጣኛቸው ነው። ደጋፊ የምንባለው ደግሞ ሚስቶች፣ እህቶችና ጡረተኞች ነን፤ ሁላችንም ተጠራርተን አንድ ሚኒባስ በደንብ አንሞላም። ከዚህ መሀል ይህን የሚያህል ረጅም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ተደብቆ ከኖረ፣ ወይ የኔ ዓይን ጠፍቷል ወይ እሱ ይዋሻል። ዓይኔ ደግሞ ዛሬም ያለመነጽር መርፌ ላይ ክር ይከታል።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨርቁን ሳይዝ መጥቶ «ሰማያዊ ክር ስጪኝ» የሚል ደንበኛ፣ ነገ «ይሄ ሰማያዊ አይደለም» ብሎ ሊጣላኝ እንደሚመለስ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ፒያሳ ላይ ሱቅ ይዞ ሰው የማይጠረጥር ካለ፣ ሱቁ የሱ መሆኑ ያጠራጥራል። ልጄ «እማ፣ አንቺ እኮ የታክሲ ረዳቱ ሳይጠየቅ መልስ ቢሰጥሽም ትጠረጥሪዋለሽ» ትለኛለች። አዎ፣ እጠረጥረዋለሁ። እሱም የሆነ ነገር ፈልጎ ነው።

መንገዱ ሲሰፋ ሱቄም፣ የሰፈሩ ግማሽም ተነሣ። ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ዳር፣ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እኔ ከጊዮርጊስ ጀርባ ከቀሩት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ቀረሁ። ከሰፈሩ ሳይፈርስ የቀረ ነገር ቢኖር ቡድኑ ብቻ ነው። የጤና ቡድኖች ውድድር በየዓመቱ ሲከፈት፣ ያ ሁሉ የተበተነ ሰው ታክሲ እየቀያየረ ጃንሜዳ ይመጣል። ከጎሉ ጀርባ እንቆማለን፣ እንሳሳቃለን፣ እንሰዳደባለን፤ የማን ልጅ ወለደች፣ የማን ቤት ውኃ አይመጣም፣ ሁሉም እዚያ ይሰማል። ለዚያች ጠዋት ጎረቤቶች እንሆናለን።

ልጄና ልጁ ነገራቸውን ጨርሰዋል። ከመክፈቻው ቀጥሎ ባለው እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷ የለም፤ ስለዚህ የሚናገረው ወንድሜ ቢሆንም መልሱ የኔ ነው። እሺ ካልኩ ትሄዳለች። ልጁ የሚኖረው ከተማው ጫፍ ነው፤ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ ለመድረስ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል። እምቢ ካልኩ ትቀራለች። ከሥራ ስትመለስ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ «እማ፣ ምን አለ?» የምትለው ነገር ሊቀርብኝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ልጁ ላይ ጥፋት እንዲገኝበት አጥብቄ እፈልግ ነበር።

እሱ ራሱ መንገዱን አመቻቸልኝ። «እማማ፣ የመክፈቻው ቀን እኔ ልውሰድዎት» አለ። ልጄ ነርስ ናት፤ ያን እሁድ ተረኛ ነበረች። ዘንድሮ ጃንሜዳ የሚባል ነገር እንዳታስቢ ስትለኝ የከረመች ልጅ፣ «ከሱ ጋር ከሆነ ሂጂ» ብላ ወዲያው ተስማማች። ይሄም ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሁለቱ እኔን ሳያማክሩ የተማከሩት ነገር አለ ማለት ነው። ሆኖም እሺ አልኩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋፊ ነኝ ያለ ሰው ሜዳ ላይ ሲወጣ ይታያል።

እሁድ በማለዳ በመኪናው መጣ። አንገቱ ላይ የቡድናችንን ሻርፕ ጠምጥሟል። እነዚያን ሻርፖች የሰፋኋቸው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዷን አውቃለሁ። እሱ የጠመጠማት ጫፏ ላይ ቀይ ክር አልቆብኝ በቡናማ የጨረስኳት ናት፤ የልጄ ሻርፕ። የዕድሜ ልክ ደጋፊ የሰው ሻርፕ ተውሶ ይመጣል? «ያምርብሃል» አልኩትና መኪናው ውስጥ ገባሁ።

መንገድ ላይ ፈተናዬን ጀመርኩ። «ዘንድሮ በር ላይ ማን ነው?» አልኩት። መለሰ። «ግራው ላይስ?» መለሰ። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ቆጠረልኝ፤ የአባታቸውን ስም ሳይቀር። ይሄኔ ነው ይበልጥ የነቃሁበት። በኛ ሰፈር ሰው የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው። ግራው ላይ የሚጫወተውን ሰው የመታወቂያ ስሙን እኔ ራሴ የሰማሁት ሰርጉ ላይ ነው። እነዚያን ሰዎች ከነአባታቸው ስም የሚጠራ ሰው ወይ ፖሊስ ነው ወይ ትናንት ማታ ያጠና ተማሪ ነው። «ጎበዝ ነህ» አልኩት። ፈገግ አለ፤ ፈተናውን ያለፈ መስሎት።

ደግሞ አንዲት ጥቁር ቦርሳ ይዟል። ሲነዳ ጭኑ ላይ፣ ስንወርድ ትከሻው ላይ፤ ለአፍታ አያስቀምጣትም። ኳስ ሊያይ የሚሄድ ሰው ምን የሚደበቅ ነገር ይይዛል? ጃንሜዳ ስንደርስ ደግሞ መኪናውን አዙሮ፣ አዙሮ፣ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አድርጎ አቆማት። እንዲህ የሚያቆም ሰው ለመሸሽ ያሰበ ሰው ነው። ኧረ ጉድ ነው፣ ልጄ ከማን ጋር ነው የወደቀችው አልኩ ለራሴ።

ከኋላ ታጣፊ ወንበር አወጣ። እኔ የለመደው እግሬ ወደ ጎሉ ጀርባ ሊወስደኝ ሲል «በዚህ በኩል እማማ» ብሎ በሌላ አቅጣጫ መራኝ። ያች የጎሉ ጀርባ ቦታዬ ናት። ባሌ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በረኛ ደግሞ መጮህ አለበት፤ ስለዚህ ከመረቡ ኋላ ቆሜ የሱን ጩኸት የምጮህለት እኔ ነበርኩ። ተከላካዮቹ አንድ ቀን «አሰልጣኙ ወንድምሽ ነው፣ በረኛው ባልሽ ነው፣ እኛ የማን ነን?» ብለው አኩርፈውኛል። እሱ ካለፈም በኋላ ቦታዬን አለቀቅኩም። ይሄ ልጅ ግን ወንበሩን ወስዶ የዘረጋው የት ነው? ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የአፍንጮ በር ሰፈር ደጋፊዎች መሀል።

የማያውቅ ሰው ይህ ምን ነውር አለው ይል ይሆናል። ጃንሜዳ ላይ የጤና ቡድን ደጋፊ በሰፈሩ ነው የሚቆመው፤ የተጻፈ ሕግ የለውም፣ ግን ማንም አይሳሳተውም። ጥላው የአፍንጮ በሮች ነው፤ ፀሐዩ የኛ ነው። ያን ቀን ደግሞ የመክፈቻው ጨዋታ ከነሱ ጋር ነበር። እዚያ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው የነሱ ሰው ነው፤ በቃ። እነሱም ወዲያው ለከፋ ጀመሩ። ዘንድሮ ሁለት ሴት ልጆቿን አጃቢ አድርጋ የመጣች የድሮ ተፎካካሪዬ «እንኳን ደህና መጣሽ፤ በመጨረሻ ልብ ገዛሽ?» አለችኝ። «ለስለላ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ፊቴን አዞርኩባት።

«ለምን እዚህ?» አልኩት ልጁን።

«ጥላ ስላለ ነው እማማ።»

«ጥላው የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የዛፉ አይደል?» አለና ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሆነው ነገር ቢኖር የኛ ደጋፊ ነው። ታዲያ የማን ነው? መልሱ ተቀምጠንበት ነበር።

መክፈቻው ተጀመረ። ቡድኖቹ ማሊያቸውን ሆዳቸው ላይ እየሳቡ ተሰለፉ። በዓመቱ ውስጥ ላለፉት የሕሊና ጸሎት ተደረገ። አንድ ትልቅ ሰው ስለ ስፖርትና ስለ ፍቅር ተናገሩ፤ ንግግራቸው ረዝሞ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሣሩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። በመጨረሻ እሳቸው የመጀመሪያዋን ኳስ መቱ። ከጎሉ ጀርባ የኛዎቹ እልልታ ሲያሰሙ እኔ ከባሕር ዛፍ ሥር እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ ዙሪያዬን አይቼ ዘጋሁት።

ወንድሜ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሜዳውን ዞሮ መጣ። «አንቺ ሴት፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። ወደ ጆሮው ተጠግቼ «ይሄን ልጅ ታውቀዋለህ? የልጄ ሰው ነው» አልኩት። አየት አደረገውና «ትናንት ልምምድ ላይ መጥቶ ነበር። ደጋፊ የት እንደሚቀመጥ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ጥላ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ነበር» አለኝ።

«ሰላይ ነው» አልኩት።

«ምን ይሰልላል? የኛን ቡድን ለመሰለል ዓይን መክፈት አያስፈልግም» ብሎ ሄደ። ወንድሜ ለሰው ክፉ አያስብም። ቡድኑ በየዓመቱ የሚሸነፈውም ለዚህ ነው።

ጨዋታው እየሄደ ሳለ የተቀቀለ ድንች የሚሸጥ መጣ፤ ሚጥሚጣና ጨው የተነሰነሰበት። ለኔ ከድንቹ ጋር ነው ኳስ የሚጣፍጠኝ። ልጁ ቀድሞ ተነሥቶ ገዛ። እጄን ስዘረጋ ግን ሳህኑን አልሰጠኝም። ቆሞ አንዱን ጎረሰ፣ ሌላውን ጎረሰ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሙልጭ አድርጎ ጨረሰው። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ የተላጠ ብርቱካን ሰጠኝ። እንግዲህ ደግሞ ሆዳም ነው። እያለቀሰ የሚበላ ሆዳም አይቼ አላውቅም። ይህንን ለልጄ ስነግራት የምትለውን መስማት ናፈቀኝ።

ከዚያ በኋላ ኳሱን ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ። ስልኩን በየደቂቃው ያወጣል፣ በአውራ ጣቱ ቶሎ ቶሎ ይጽፋል፣ መልሶ ይከታል። ለማን? ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ በሽተኛ እያለ ስልክ አታይም፤ እኔ ስደውልላት እንኳ አታነሣም። ሌላ ሴት አለች ማለት ነው። ሲጽፍ ደግሞ በጎን ያየኛል። እኔ ሳየው ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞራል፤ ሜዳው ላይ ግን ኳሱ ባለበት በኩል እንኳ አያይም። እንዲህ በጎን ስንተያይ፣ ከጎሉ ጀርባ ሜዳው ተናወጠ። የኛዎቹ ዘለሉ፣ ተቃቀፉ። አግብተናል። ማን እንዳገባ፣ በምን እንዳገባ አላየሁም። ስንት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ጎል፣ አፍንጮ በሮች ላይ የገባ ጎል፣ አንድ አስመሳይ ስጠብቅ አመለጠኝ። እሱም አላየውም። ዘግይቶ አጨበጨበ፣ ያውም ከበስተኋላችን ወዳሉት አፍንጮ በሮች ዞሮ፤ እነሱ ደግሞ አላጨበጨቡም።

ይባስ ብሎ ዳኛው ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ለነሱ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ብድግ ብዬ የሚገባውን ነገርኩት። ልጁ ትከሻዬን ያዘ። «እማማ፣ ይቀመጡ እባክዎ። አይናደዱ።»

«እጅህን አንሣ» አልኩት። «የማን ሰው እንደሆንክ ዛሬ አውቄብሃለሁ። አንተ እዚሁ ጥላህ ሥር ቅር፤ እኔ ወደ ሰዎቼ እሄዳለሁ።»

ወንበሩን ጥዬ ሄድኩ። ሜዳውን በፀሐዩ በኩል መዞር ነበረብኝ። ከኋላዬ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ» እያለ ሲከተለኝ እሰማለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር እፈጥናለሁ። የኛዎቹ ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን አወዛወዙ። ግማሽ መንገድ ላይ ሣሩ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ የሚፈጭ መሰለኝ፤ ሰዎቼን አያቸዋለሁ፣ ድምፃቸው ግን የለም። ልወድቅ ስል ከኋላ ያዘኝ።

አልጮኸም፣ ሰውም አልጠራም። ቀስ አድርጎ ሣሩ ላይ አስቀመጠኝ፤ በቁመቱ ፀሐዩን ከለለልኝ፤ ሻርፔን ፈታልኝ። ከዚያ ያችን ጥቁር ቦርሳ ከፈተ። የወጣው የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ ልጄ ቤት ውስጥ ይዛ የምታባርረኝ መለኪያ። ክንዴ ላይ አሰረው። የት እንደሚያስር ያውቃል። መለኪያው ሲያበቃ ቁጥሩን አየ፤ ፊቱ ላይ የነበረ ደም ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ቀጥሎ ከቦርሳው ያወጣው የራሴን መድኃኒት ነው፤ ከቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር የነበረውን፤ ልጄ ሰጥታው መሆን አለበት።

«እማማ፣ ይሄ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥር አይደለም። ካቆሙ ስንት ጊዜዎ ነው?»

ፊቴን ወደ ሜዳው መለስኩ። ምን ልበለው? ባሌ በአንዲት ፍሬ ኪኒን ጀምሮ በፌስታል ሙሉ መድኃኒት ጨረሰ። ያችን የመጀመሪያዋን ፍሬ ባይውጥ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ የሚል ነገር አንጎሌ ውስጥ አለ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልጄ ነርስ ናት፣ መቶ ጊዜ ነግራኛለች። ልጄ ስታየኝ አፌ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ስትዞር እተፋዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አሳለፍኩት።

«ሌላ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት፣ ትንፋሼ ሲመለስ። «አንተ የማን ደጋፊ ነህ?»

አቀረቀረ። «የማንም አይደለሁም። ኳስ አላውቅም እማማ። ልጅዎ ናት እንዲህ ብትላት ትወድሃለች ያለችኝ። ስማቸውን ሁሉ በቃሌ የያዝኩት ሰሞኑን ነው። እሱን ዋሽቻለሁ፤ ይቅርታ።»

«ጥላውስ? ድንቹስ?»

«ፀሐይ አታስመታት አለችኝ። ጨው እንዳትቀምስ አለችኝ፤ አይብሉ ብልዎ እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ራሴ ጨረስኩት። ሚጥሚጣ ሆዴን ያመኛል። በየጊዜው እንዴት ናት ትለኛለች፣ እጽፍላታለሁ። ጎሉን አላየሁትም፤ እርስዎን ነበር የማየው።»

እፍረቱ ከግፊቱ ባሰብኝ። ግን ክር ሻጭ ነኝ፤ ሳልፈትን አልለቅም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ልጄ ጋ ሊደውል ሲል እጁን ያዝኩት።

«እንዳትደውል» አልኩት። «መድኃኒት ማቆሜን፣ እዚህ መውደቄን ልጄ አትወቅ። ይሄ በኔና ባንተ መሀል ይቅር። ይቺን ብቻ አድርግልኝ፤ እሁድ ሽማግሌዎችህ ሲመጡ እሺ እላለሁ። በአባቷ ነፍስ እምልልሃለሁ።»

መፈተኔ ብቻ አልነበረም። ከልቤም ነበር። ልጄ ካወቀች ዓይኔ ሥር ነው የምትቀመጠው፤ ጃንሜዳም አበቃ፣ ሁሉም አበቃ፤ በሽተኛ ተብዬ እቀራለሁ። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ሣሩን ሲያይ ቆየ። የሚፈልገው ነገር እዚያው እጁ ላይ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ማንም አያውቅም።

«እሷ እኮ ሁለቴ እምቢ ብላኛለች» አለ፣ ቀና ሳይል። «እናቴን ብቻዋን ትቼ አልሄድም ብላ። እንዲህ መሆንዎን እኔ አውቄ እሷ ካላወቀች፣ ከሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ በምን ዓይኔ እኖራለሁ? እሁድ እምቢ ይበሉኝ እማማ። አሁን ግን እደውላለሁ።»

እጄን ለቀቅኩት። ፊቴ ላይ ደወለ። ለኔ የማታነሣው ስልክ ወዲያው ተነሣ። ቁጥሩን ነገራት፣ መውደቄን ነገራት፣ መድኃኒቱን ማቆሜን ነገራት። የሰጠሁትን ማባበያ ብቻ አልነገራትም። ልጄ «ስጣት» አለችው፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሲሆን ግን እንደፈራሁት አልተቆጣችም። «እማ፣ እኔ ሆስፒታል የማየው ሰው ሁሉ አንቺን ይመስለኛል» አለችኝ። ከዚያ ማልቀሷን ሰማሁ። እዚያው ሣሩ ላይ፣ ልጁ በያዘው ውኃ፣ መድኃኒቱን ዋጥኩ። አፌን ከፍቼ አሳየሁት፤ ማመን ስለሌለበት።

ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ የሰማሁት ማታ ከወንድሜ ነው። እኛ ያን ጊዜ ልጄ ያለችበት ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። አፍንጫዋን ወደ መውጫው አድርጋ የቆመችው መኪና እኔን ይዛ ነበር የሸሸችው። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። እኔ መስኮቱን ሳይ፣ እሱ በሆዱ ሕመም ፊቱን ሲያጨማድድ፣ ልጄ ይሄን ሰው እንዴት አገኘችው እያልኩ ሄድኩ። ከንጋት ጀምሮ ይህንኑ ስል ነበር፤ አሁን ግን የጠየቅኩት በሌላ ሆድ ነው።

ቀጣዩ እሁድ ደረሰ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ወጉ ነው። ልጅቷ ርካሽ እንዳትመስል «እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ብቅ በሉ» ተብሎ ይሸኛል። ሽማግሌዎቹም ያውቁታል፤ ለመመለስ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። የኛም እንግዶች ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡ፣ ወንበር ቀርቦላቸው «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ስለ ልጁ ቤተሰብ፣ ስለ ጨዋነቱ፣ ስለ ሥራው አስረዱ። ልጄ ከውስጥ መጋረጃው ሥር ቆማለች፤ እግሯን አየዋለሁ፣ አይነቃነቅም። ይህችው ናት ሁለቴ በኔ ምክንያት እምቢ ያለችው።

ወንድሜ እንደተነጋገርነው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አባቶቼ» አለ፣ «ክብር ይስጥልን፣ ሰምተናል። ነገሩ ምክር ስለሚያስፈልገው፣ ለሌላ ቀን…»

«ምክር አያስፈልገውም» አልኩ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ፤ ለዚህ የሚሆን ንግግር አላዘጋጁም። መጋረጃው ሥር ያለችው እግር ተነቃነቀች።

«ሰጥተናል» አልኩ። «ተቀመጡ።»